የአሮጌ ፎልክስዋገን ካምፐር ፍሬን ማደስ፦ ዲስክ ከመግዛትዎ በፊት

የቆየ ፎልክስዋገን ታይፕ 2 ካምፐር ያለው ሰው ፍሬኑ አልይዝ ሲለው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ የፊት ታምቡሮቹን (ሸራው ከውስጥ ተከፍቶ የሚይዛቸውን ክብ ብረቶች) አውልቆ ዲስክ (ሸራው ከሁለት ጎን የሚጨብጠውን ዝርግ ብረት) መግጠም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የታምቡሩ አይደለም። ሸራው (ተፋትጎ የሚያቆመው ክፍል) ለታምቡሩ በልክ ከቀረበ፣ ሸራውን የሚገፉት ሲሊንደሮች ካላፈሰሱ፣ ፍሌክሲብል ቱቦዎቹ ከውስጥ ካልደፈኑና ዘይቱ ውሃ ካልጠጣ፣ ታምቡር ፍሬን ዕቃ የተጫነ ካምፐር በደንብ ያቆማል። በተቃራኒው በደከመ ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ አራቱም እግር የሚገፋው ዋና ሲሊንደር) እና በአሮጌ ቱቦ ላይ አዲስ ዲስክ ቢገጠም ፔዳሉ ያው እንደሰመጠ ይቀራል። ስለዚህ ቅድሚያ መመርመር፣ ቀጥሎ ያለውን ወደነበረበት መመለስ፣ ማሻሻሉ በመጨረሻ ይታሰባል።

መኪናው የየትኛው ዓመት ነው?

ዕቃ ከመታዘዙ በፊት ይህ መታወቅ አለበት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የፊት መስታወቱ ለሁለት የተከፈለው ሞዴል እስከ 1967 ድረስ የተመረተ ሲሆን አራቱም እግሩ ታምቡር ነው፤ ከመጨረሻዎቹ ጥቂቶች በቀር ፍሬኑ ባለ አንድ መስመር ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም እግር አብሮ ይጠፋል ማለት ነው። ባለ አንድ ሰፊ መስታወቱ ሞዴል ከኦገስት 1967 ጀምሮ ባለ ሁለት መስመር ማስተር ሲሊንደር ይዞ መጣ፤ ፊቱ ግን እስከ 1970 ሞዴል ድረስ ታምቡር ነበር። የፊት ዲስክ የመጣው ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ነው። በዚያው ጊዜ የጎማ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት ከ205 ሚሊ ሜትር ወደ 112 ሚሊ ሜትር ጠበበ። የአንዱ ቸርኬ ለሌላው የማይገባውም ለዚህ ነው።

የሻጩን ቃል ከማመን የሻሲውን ቁጥር ማየት ይሻላል። ባለ አንድ ሰፊ መስታወቱ ሞዴል ላይ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ያሳያል፤ 231 ብሎ የሚጀምር የ1971 ሞዴል፣ 239 ብሎ የሚጀምር የ1969 ሞዴል ነው። ያም ሆኖ በሃምሳ ዓመት ውስጥ የፊት አካሉ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ጎማ አውልቆ በዓይን ማረጋገጥ አይቀርም።

ሳይፈቱ መመርመር

ሞተር ጠፍቶ ፔዳሉን በተመጠነ ኃይል ይጫኑና ግማሽ ደቂቃ ያህል ይያዙት። ቀስ እያለ ከሰመጠና የሚፈስ ነገር ካልታየ፣ ዘይቱ በማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ባሉት ጎሚኒዎች (ዘይት የሚያሽጉ የላስቲክ ቀለበቶች) በኩል ወደ ኋላ እያመለጠ ነው። እንደ ስፖንጅ ከተለጠጠ አየር አለ፣ ወይም ፍሌክሲብል ቱቦ ያብጣል። መጀመሪያ ጠልቆ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ ሸራዎቹ ከታምቡሩ ርቀዋል። ይህን የመጨረሻውን አየር ነው ብሎ ሊትር ሙሉ ዘይት የሚያፈስ ብዙ ነው።

ወደ አንድ ጎን መሳብ ያታልላል። መኪናው ወደ ቀኝ ከሳበ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ግራ ነው፤ ግራው ስለማይዝ ቀኙ ብቻውን ይሠራል።

ከተነዳ በኋላ አንድ ጎማ ብቻ የሚግልና ተይዞ የሚቀር ከሆነ ምክንያቱን ማግኘት እንዲህ ነው። መኪናውን አንሥተው ጎማው እንደተያዘ የዚያን እግር የአየር ማስወጫ ብሎን በትንሹ ይክፈቱ። ዘይት ፊን ብሎ ወጥቶ ጎማው ከተለቀቀ ግፊት ታስሮ ነበር፤ ካልተለቀቀ ችግሩ የብረት ነው፦ የዛገ ፒስተን፣ የተሰበረ ሞላ ወይም ያልተመለሰ የእጅ ፍሬን ኬብል። ግፊቱ የት እንደታሰረ ለማወቅ ብሎኑን ዘግተው ፔዳሉን እንደገና ይርገጡና ይልቀቁ፤ ጎማው ሲያዝ በዚህ ጊዜ የሚላላው የብረት ቱቦው ከፍሌክሲብሉ ጋር የሚገናኝበት ዳዶ ነው። እዚያ ተላልቶ ጎማው ካልተለቀቀ ፍሌክሲብሉ ከውስጥ ተልጦ እንደ አንድ አቅጣጫ ቫልቮላ ሆኗል፤ በእግር ኃይል የገባው ዘይት በሞላ ኃይል ብቻ መመለስ አይችልም። እዚያ ሲላላ ከተለቀቀ ግን እገዳው ወደ ማስተር ሲሊንደሩ ነው። ከውጭ አዲስ የሚመስል ቱቦ በዚህ መንገድ ሲጋለጥ የተለመደ ነው።

የሚያስፈልጉ

ለኋላው አራት ሸራ፣ ሁለት ሲሊንደርና ሙሉ የሞላ ስብስብ፤ ለፊት ዲስክ አራት ሸራና የሁለት ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ክፍል) ጎሚኒ፤ አራት ፍሌክሲብል ቱቦ፤ አንድ ማስተር ሲሊንደር፤ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ሁለት ሊትር (ግማሹ ለማጠቢያ ነው)። ፊቱ ታምቡር የሆነ እንደሆነ በየእግሩ ሁለት ሁለት ሲሊንደር ስላለ የፊቱ ብቻ አራት ይሆናል።

ከመሣሪያ በኩል ለአየር ማስወጫው ብሎን ቁጥር 7፣ ለቱቦዎቹ ዳዶ ቁጥር 11 መፍቻ ያስፈልጋል። ቁጥር 11ዱ ዳዶውን ከአምስት ጎን የሚያቅፈው የቱቦ መፍቻ ይሁን፤ ተራው መፍቻ የዛገ ዳዶ ጠርዙን ፈግፍጎ ያከብበዋል። ከዚህ ሌላ የኃይል መለኪያ መፍቻ፣ ካሊበር (ስፋትና ውፍረት መለኪያ)፣ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ ለጎሚኒ የሚስማማ ግሪስ። ጎሚኒ ላይ የሞተር ዘይት፣ ተራ ግሪስ ወይም ቤንዚን ከነካ ያብጥና ይለሰልሳል፤ የፍሬን ጎሚኒ በፍሬን ዘይት ብቻ ነው የሚታጠበው።

መኪናው በክሪክ ብቻ ተይዞ ማንም ከሥሩ አይግባ። በካቫሌቶ (በብረት ማቆሚያ) ይቁም፣ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ይታገዱ። በታምቡሩ ውስጥ ያለው አቧራ ከዚያ ዘመን ሸራ የወጣ አስቤስቶስ (ሲተነፍሱት ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖረው ስለሚችል በኮምፕረሰር አይነፋም፣ በደረቅ ብሩሽም አይጠረግም። በማጽጃው አርጥበው በጨርቅ ይጥረጉና ጨርቁን በላስቲክ አስረው ይጣሉት።

የኋላ ታምቡር

አንድ ጎን ብቻ ይፍቱ፤ ሌላው ሳይነካ እንደ ናሙና ይቆይ። ፎቶ ማንሣት ጥሩ ነው፣ ግን ሞላ በየትኛው ቀዳዳ ከየትኛው ብረት ኋላ እንደሚያልፍ ከፎቶ አይለይም።

1. የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። በታምቡሩ የኋላ ሳህን ላይ ያለችውን የጎማ መክደኛ አውጥተው በካቻቢቴ የማስተካከያውን ጥርሳም ጎማ ወደ ኋላ ያዙሩት። ያገለገለ ታምቡር ጠርዙ ላይ እርከን ያወጣል፤ ሸራው ካልተሰበሰበ እርከኑ ላይ ተይዞ አይወጣም።

2. በኋለኞቹ ሞዴሎች ታምቡሩ ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት የመሐል ብረት) የተለየ ስለሆነ ትናንሾቹን መያዣዎች ፈትቶ መጎተት ይበቃል። በድሮዎቹ ግን ቁጥር 46 የሆነው የመሐል ዳዶ መፈታት አለበት፤ ይህን ደግሞ ጎማው መሬት ላይ ሳለ፣ መቆለፊያው ፒን ወጥቶ፣ ረጅም ክንድ ባለው መፍቻ ማላላት ነው። መኪናው ካቫሌቶ ላይ ሆኖ እንዲህ ባለ ኃይል መታገል ሊጥለው ይችላል። እምቢ ያለ ታምቡር ጠርዙ አይመታም፤ ብረቱ የሚሰበር ዓይነት ነው።

3. ካሊበሩን ይዘው የታምቡሩን የውስጥ ስፋት በሦስት አቅጣጫ ይለኩ። በልኮቹ መካከል ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል፤ ፔዳሉ እግር ሥር የሚመታውም ከዚህ የተነሣ ነው። ቶርኖ ቤት ይስተካከላል፣ የማኑዋሉን የመጨረሻ ልክ ካላለፈ ብቻ። ሁለቱም ጎን እኩል መከርከም አለበት።

4. የሲሊንደሩን የአቧራ ጎሚኒ በጣት ገለጥ ያድርጉ። ከሥሩ ዘይት ከወጣ ሲሊንደሩ ይቀየራል። ሸራው ላይ ቅባት ካለ ከየት እንደመጣ ይለዩ፤ የፍሬን ዘይት በውሃ ይታጠባል፣ የካምቢዮ ዘይት ግን ወፍራም ነው፣ የድኝ ሽታ አለው፣ ውሃ አይነካውም። ሁለተኛው ከሆነ የሞዞው ዘይት መያዣ ጎሚኒ ሳይቀየር አዲስ ሸራ መግጠም ከንቱ ነው፤ ሸራው ሳይቆይ ተመልሶ ይጠጣል። ዘይት የጠጣ ሸራ በማጽጃም ሆነ በእሳት አይድንም።

5. ሳህኑን ያጽዱ። ሸራው የሚንሸራተትባቸው ስድስት የሚሆኑ ጉብታዎች ላይ ጉድጓድ ተቦርቡሮ ከሆነ በፋይል ይደልደሉ፤ ጉድጓዱ ሸራውን ይይዘውና ፍሬኑ እየተንቀጫቀጨ ይመለሳል። እዚያ ላይ ሙቀት የሚችል ግሪስ፣ የጥፍር ጫፍ ያህል ብቻ።

6. የማስተካከያዎቹን ብሎን አውጥተው ጥርሱን ያጽዱና ይቀቡ፤ በእጅ ያለ መፍቻ መዞር አለበት። የብሎኑ ራስ መሰንጠቂያ ሰያፍ ነው፤ ከሸራው ብረት ሰያፍ ጋር ገጥሞ ካልተቀመጠ ሸራው ተንጋድዶ ጠርዙ ብቻ ይነካል። አዲስ ሸራ ገጥሞ "አሁንም አይዝም" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

7. ሸራዎቹን ከእጅ ፍሬኑ ክንድና መግፊያ ብረት ጋር ይግጠሙ፣ ሞላዎቹን ይመልሱ። ታምቡሩ ከመመለሱ በፊት ሞላው ሞዞውን እንደማይነካ እያዞሩ ይመልከቱ።

8. ታምቡሩን ይመልሱ። ቁጥር 46ቱ ዳዶ ካለ ከ310 እስከ 340 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል፤ የፒኑ ቀዳዳ ካልገጠመ እስኪገጥም ይጨመራል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም። ያልጠበቀ ዳዶ የታምቡሩን የውስጥ ጥርስ ይበላዋል።

ሌላውንም ጎን ከጨረሱ በኋላ ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ይርገጡ፣ ሸራዎቹ መሐል ይይዛሉ። ማስተካከያውን ጎማው በእጅ እስከማይዞር ያጥብቁና ሦስት አራት ጥርስ ይመልሱት። ቀለል ያለ የመፋቅ ድምፅ ብቻ ከቀረ ልክ ነው። የእጅ ፍሬን ኬብል የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው። በኬብል ሸራ የሚያቀርብ ሰው የእጅ ፍሬኑን አስተካክሎ የእግሩን ያበላሻል።

የፊት ዲስክ

ሸራው ከ2 ሚሊ ሜትር ሳያንስ ይቀየር። የዲስኩ የውፍረት ወሰን ማኑዋሉ ላይ አለ፤ ጠርዙ ላይ የቆመውን እርከን ሳይጨምሩ መሐሉን ይለኩ። ከመለካት በፊት ግን የጎማውን ኩሽኔታ ልቅነት ያስተካክሉ። ልቅ ኩሽኔታ ዲስኩን እያወዛወዘ ሸራዎቹን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ከዚያ የመጀመሪያው ርግጫ ጠልቆ ይሄዳል፤ ያም ከአየር ጋር ይምታታል።

ፒስተኖቹን ወደ ውስጥ ሲመልሱ የአየር ማስወጫውን ብሎን ከፍተው በቱቦ ወደ ጠርሙስ ይሁን። ካሊፐር ውስጥ የከረመው ጥቁር ዘይት ወደ ላይ ተገፍቶ ማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ባይገባ ጥሩ ነው። አንዱ ፒስተን ከተጣበቀ የተፈታውን በእንጨት አግደው በፍሬን ፔዳሉ ግፊት ያውጡት፤ አየር ከኮምፕረሰር መስደድ ፒስተኑን እንደ ጥይት ያስወነጭፈዋል፣ ጣት ይሰብራል። ፒስተኑ ጎሚኒው በሚነካው ቦታ ላይ የዝገት ነቁጥ ካለው በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅ፣ ይቀየር። የካሊፐሩን ሁለት ግማሾች የያዙትን ብሎኖች አይፍቱ፤ ለዚህ ሥራ መፍታት አያስፈልግም።

ይህን ጎሚኒ አቅልለው አይዩት። አራት ማዕዘን ሆኖ የተሠራው ለማሸግ ብቻ አይደለም፤ ፔዳል ሲረገጥ ከፒስተኑ ጋር ይታጠፋል፣ ሲለቀቅ ተቃንቶ ፒስተኑን በጥቂቱ ወደ ኋላ ይስበዋል። ዲስክ የመመለሻ ሞላ የለውም፤ ጎሚኒው ሲደርቅ ሸራው ዲስኩን እንደነካ ይቀራል።

ቱቦዎች

ፍሌክሲብሎቹን አራቱንም አብረው ይቀይሩ። ሲገጠሙ እንዳይጠማዘዙ የጎኑን መስመር ይከተሉ፤ ከዚያ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙረው፣ ጎማው ተንጠልጥሎም ተጭኖም፣ የሚፈገፈግ ወይም የሚወጠር አለመኖሩን ይዩ።

የብረት ቱቦው 4.75 ሚሊ ሜትር ነው፣ ዳዶው 10 በ1። ጫፉ እንደ ትንሽ ሽንኩርት ያበጠ ዓይነት መሆን አለበት፤ ወደ ውስጥ ተመልሶ የታጠፈው ባለ ሁለት ድርብ ጫፍ እዚህ አይቀመጥም፣ ቢጠብቅም ያፈሳል። መዳብና ኒኬል የተቀላቀለበት ቱቦ በእጅ ይታጠፋል፣ አይዝግም። ንጹሕ መዳብ በንዝረት እየጠነከረ ስለሚሰነጠቅ ይቅር። ጫፉን ከማሳበጥዎ በፊት ዳዶው ቱቦው ላይ መግባቱን ይመልከቱ።

ማስተር ሲሊንደር

ጎሚኒ ብቻ ቀይሮ መመለስ የሚያዋጣው የውስጡ ግድግዳ መስታወት ሲመስል ብቻ ነው። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም ጉድፍ ካለ አዲስ ይገዛ። አዲሱን ከመኪናው ውጭ በቫይስ ይዘው በዘይት ሞልተው፣ መውጫዎቹን በአጭር ቱቦ ወደ ዘይት መያዣው መልሰው አረፋ እስኪጠፋ ፒስተኑን በዝግታ ይግፉ። ይህ ካልተደረገ ውስጡ የቀረ አየር በጎማ በኩል ለመውጣት ያስቸግራል።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው በፔዳሉ መግፊያ ዘንግና በፒስተኑ መካከል ያለው 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ነው። ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ ዘይት ወደ መያዣው የሚመለስባትን ደቃቅ ቀዳዳ ይዘጋታል። ዘይቱ በሙቀት ሲሰፋ መውጫ ያጣል፣ ፍሬኑ ራሱን በራሱ ይይዛል፣ ሲይዝ ይበልጥ ይግላል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ መኪናው የማይንቀሳቀስበት ደረጃ ይደርሳል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም ያልነበረ ይመስላል። ዘንጉን አስተካክለው ሌላ ሰው ፔዳሉን በስሱ ሲነካ መያዣው ውስጥ ይመልከቱ፦ በርግጫው መጀመሪያ ላይ ትንሽ የዘይት ፍንጥቅ ከታየ ቀዳዳዋ ክፍት ነች።

አየር ማስወጣት

ዘይት፦ ዶት 4። ደረቅ ሆኖ ከ230 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ወሰኑ ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 3 ከ205 ወደ 140 ነው። ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ፔዳል ወለል የሚነካው ይህ ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ነው፤ ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፤ ዶት 5.1 ግን ከዶት 4 ጋር አንድ ወገን ነው። ዘይቱ ቀለም ይልጣል፣ የነካውን ቶሎ በውሃ ያጥቡት።

ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው እግር ይጀምሩ። መሪው ግራ በሆነ መኪና ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ከብሎኑ ወደ ዘይት ያለበት ጠርሙስ ያግቡ። አንዱ ፔዳሉን በዝግታ ይጫን፣ ሌላው ብሎኑን ሩብ ዙር ከፍቶ ፔዳሉ ታች ሳለ ይዝጋ፤ የሚለቀቀው ከተዘጋ በኋላ ነው። በየአምስት ስድስት ርግጫው መያዣውን ይሙሉ፤ አንዴ ባዶ ከሆነ ሥራው ከመጀመሪያ ይደገማል። ያልተቀየረ አሮጌ ማስተር ሲሊንደር ከሆነ ከፔዳሉ ሥር እንጨት አድርገው እስከ ታች እንዳይወርድ ያግዱ፤ ጎሚኒው ለዓመታት ወዳልደረሰበት የዛገ ክፍል ገብቶ ይቆረጣል።

አየር አልወጣም ካለ የካሊፐሩን ብሎን ይመልከቱ። ከታች ከሆነ ግራና ቀኝ ካሊፐር ተለዋውጠው ተገጥመዋል። አየር ላይ ነው የሚሰበሰበው፣ ከታች በኩል ዕድሜ ልክ ቢረገጥ አይወጣም።

ዲስክ ለማስገባት

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም ቁልቁለት ላይ ታምቡሩ እየጋለ የሚደክም ከሆነ ዲስክ ትርጉም አለው፤ ዲስክ ሙቀትን ቶሎ ያስወጣል፣ ውሃ ቢነካውም ቶሎ ይመለሳል። የ1968–70 ሞዴል ከ1971 በኋላ ካለ መኪና የፊት አካል ሲወስድ የፊቱ ብሎን ክብ 112 ሆኖ የኋላው 205 ይቀራል፤ አንድ ትርፍ ጎማ ለሁለቱም አይሆንም። 205ቱን የሚጠብቁ የመቀየሪያ ስብስቦችም አሉ።

ማስተር ሲሊንደሩ ከዲስክ ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። ለታምቡር የተሠሩት በመስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቮላ ሊኖራቸው ይችላል፤ ያ ግፊት የታምቡርን ሞላ አያሸንፍም፣ የዲስክን ሸራ ግን ሁልጊዜ ያስጠጋዋል። ወደ ኋላ የሚሄደውንም ግፊት የሚገድብ ሬጉሌተር መታሰብ አለበት፤ የኋላው ቀድሞ ከቆለፈ መኪናው ጅራቱን ይወረውራል። ሰርቮ (በሞተሩ ቫኪዩም የእግርን ግፊት የሚያግዝ መሣሪያ) የእግር ድካም ይቀንሳል እንጂ ሸራው ወይም ጎማው ሊይዝ ከሚችለው በላይ አያስይዝም። ለሰርቮ ከሞተሩ የሚመጣው ረጅም የቫኪዩም ቱቦ የአንድ አቅጣጫ ቫልቮላ ይኑረው፤ ስንጥቅ ካለው ፔዳሉ ይከብዳል፣ ሞተሩም በዝግታ ዙሩ ይወላገዳል።

ሙከራ

ሞተር ሳይነሣ ፔዳሉን በሙሉ ኃይል አንድ ደቂቃ ይያዙና እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በደረቅ ወረቀት ይጥረጉ፤ እርጥበት ወረቀት ላይ ይታያል። ቀጥሎ በሰው ርምጃ ፍጥነት፣ ሜዳ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ እጅ ውስጥ ሆኖ ይሞከር። አዲስ ሸራ እስኪለምድ ከ50 ወደ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሃያ ጊዜ ያህል በመጠኑ ፍጥነት ይቀንሱ፣ በየመሐሉ ያቀዝቅዙ፤ የጋለ ሸራ ይዞ ፈጽሞ አይቁሙ፣ ዲስኩ ላይ ታትሞ ይቀራል።

ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ አዲሱ ሸራ ስለሚቀመጥ ታምቡሮቹ እንደገና ይጠጉ፣ የጎማ ብሎኖቹ ወደ 130 ኒውተን ሜትር መጥበቃቸው ይታይ፣ የዘይቱም ልክ። ዘይቱ ከጎደለ መያዣውን ከመሙላት በፊት የት እንደሄደ ይፈለግ፤ መጀመሪያ የሚታየው የኋላ ጎማዎቹ የውስጥ ጎን ነው።